ከሞጣ በታች ያለው ድልድይ

ከሞጣ ወደ አንዳቤት መሄድ የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የመኪና ነው። ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ ዓባይን እዚያ ይሻገራል፣ በሐሙሲት አድርጎ ወደ እስቴ ይዞራል። ሁለተኛው የእግር ነው። ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ከዚያ የማዶውን ዳገት ይያያዘዋል። ሁለቱ ወረዳዎች የሚዋሰኑት በዓባይ ነው። በመኪና ለሚሄድ ግን ሩቅ አገር ናቸው።

በእግር መንገዱ ላይ ያለው ድልድይ ሰባራ ድልድይ ይባላል። የተሠራው በአፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1660 ገደማ ነው። በዓባይ ላይ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች ሁለተኛው ነው። ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኛል።

ስለዚህ ድልድይ ብዙ ጊዜ የሚወራው ሁለት ነገር ነው፤ ማን ሠራው፣ ማን ሰበረው። ሁለቱም መወራት አለባቸው። እኔን ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረው ሌላ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። ድልድዩ ግን ከዚያ በኋላ 60 ዓመት ገደማ መካከሉ ጎድሎ ቆመ። በሁለቱም ዳር ሰው ነበር። በሁለቱም ዳር ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አማች፣ ሐዘንና ሠርግ ነበር። ያንን 60 ዓመት የድልድዩ ታሪክ አድርጎ የሚያወራ ሰው ብዙ አልገጠመኝም።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ልያዘው።

በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ያለው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ አላታ በሚባለው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1626 በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ ተሠራ። ፏፏቴውን ሊያይ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ በእግር ወደ ፏፏቴው ሲወረድ በላዩ ነው የሚታለፈው። ወንዙ እዚያ ቦታ ላይ በጠባብ የዓለት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ቦታውን የመረጠው ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር። ዓባይን ከሚሰፋበት ላይ ሳይሆን ዓለቱ ከሚያንቀው ላይ ነው የያዘው።

ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ሚስዮናዊው) ማኑኤል ዴ አልሜዳ ስለ ሥራው ጽፎ ነበር። እሱ እንደሚለው ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ እዚያው አቅራቢያ፣ በአላታ ወንዝ ዳር ተገኘ። ሥራውን የመራው ደግሞ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነው። የኖራው ነገር ትልቅ ጉዳይ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ለቤት ይሆናል። የዓባይን ክረምት ግን አይችልም፤ ውሃው ጭቃውን አጥቦ ድንጋዩን አንድ በአንድ ይወስደዋል። ኖራ ሌላ ነው። ድንጋዩ በእሳት ይቃጠላል፣ በውሃ ይበርዳል፣ ከአሸዋ ጋር ይለወሳል። ከዚያ ከአየር ጋር እየተገናኘ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ዓመት ባለፈ ቁጥር ይጠነክራል። የጎንደር ግንቦችም የቆሙት በዚሁ ሙያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማልስማማበትን ነገር ልናገር። አላታን አስጎብኚዎች «የፖርቹጋል ድልድይ» ይሉታል። ሰባራ ድልድይንም አንዳንዱ «ሁለተኛው የፖርቹጋል ድልድይ» ይለዋል። ለአላታ ቢያንስ መነሻ አለው፤ ኢየሱሳውያን በቤተ መንግሥት የነበሩበት ዘመን ነው። ባለሙያው ግን እንዳልኩት ከህንድ የመጣ ነበር። ለሰባራ ድልድይ ግን ከናካቴው አይሠራም። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሦ ብዙም ሳይቆይ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥቷል። ድልድዩ የተሠራው ከዚያ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ታዲያ የትኛው ፖርቹጋል ነው የሠራው? ሙያው በሰው እጅ ገብቶ ነበር። ኖራ ማቃጠል የለመደ፣ ድንጋይ መጥረብ የለመደ፣ ቅስት ማዞር የለመደ ሰው እዚሁ አገር ውስጥ ነበር። ጎንደርን እየገነባ የነበረው ማን ሆነና!

ይህ ልማድ ከጎጃምና ከጎንደርም ያልፋል። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው የራስ ዳርጌ ድልድይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሥራ ነው። እሱም ቢሆን «የፖርቹጋል ድልድይ» ሲባል ይሰማል። በሌላ በኩል ደግሞ አሮጌ ድልድይ ሁሉ ለፋሲል ይሰጣል። ፋሲል ሰባት ድልድይ ሠራ ስለሚባል ሕዝቡ ያገኘውን ያረጀ ድልድይ ሁሉ የእሱ ያደርገዋል። ይኸኛው ቢያንስ ፍቅር አለበት። ግን በሁለቱም አባባል ውስጥ ድንጋዩን የተሸከመው ገበሬ የለም።

ድልድይ በዓባይ ላይ የሚሠራው በበጋ ነው። ክረምት ላይ ማንም ወንዙን አይጠጋም። ከኅዳር በኋላ ውሃው ሲጎድል ዓለቱ ይታያል። መሠረቱ እዚያ ዓለት ላይ ይቆማል። ቅስቱ እስኪያያዝ ድረስ ከሥር በእንጨት ይደገፋል። ድንጋዩ ከሁለቱም ጎን እየተደረደረ ወጥቶ መሃል ላይ ይገናኛል። የመጨረሻው ድንጋይ ከገባ በኋላ እንጨቱ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ቅስቱን የሚያቆመው የራሱ ክብደት ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ግፊቱ ወደ ጎን ሄዶ ዳርና ዳር ያለው ግንብ ላይ ያርፋል። የእንጨቱ ድጋፍ ክረምት ሳይገባ መነሳት አለበት። ካልሆነ ጎርፉ ከነግንዱ ከነድጋፉ ይዞት ይሄዳል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ለድልድይ ሠሪ የእውነት ማስጠንቀቂያ ነው።

ሰባራ ድልድይ አንድ ቅስት ብቻ አይደለም ያለው። ትልቁ ዋናው ውሃ ላይ ነው፤ ትንንሾቹ ጎንና ጎን ናቸው። ትንንሾቹ በበጋ ደረቅ ናቸው። ክረምት ሲሞላ ግን የተረፈው ውሃ በእነሱ ያልፋል። ውሃ መውጫ ሲያጣ ድልድዩን እንደሚገፋው ያውቁ ነበር ማለት ነው። መሃሉ ከተሰበረ በኋላም ቀሪው ቆሟል። አንድ ቅስት ሲወድቅ የጎረቤቱ ግፊት ሚዛኑን ያጣል፤ ምሰሶው ቀጭን ቢሆን ኖሮ ሁሉም ተከታትሎ ይፈርስ ነበር። የቆሙት ምሰሶዎች ስለ ጥንታዊው ግንበኛ ይመሰክራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጢስ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ አላታ ድልድይ የጻፈው ነገር አለ። ከድልድዩ ዳርና ዳር ከነበረው አጥር ፍርስራሹ ብቻ እንደቀረ ይናገራል። ቀጥሎም ድልድዩ ብዙ ጊዜ የተጠገነ፣ ብዙ ጊዜም ሊያፈርሱት የተሞከረ እንደሚመስል ይጽፋል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ድልድዩ ያን ጊዜ ገና 150 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ብዙ ጊዜ ተጠግኖ ነበር ማለት ነው። ማን ጠገነው? የየትኛው አጥቢያ ሰው? በየትኛው ባላባት ትእዛዝ? ያሠራው ንጉሥ ስሙ ቀርቷል። የጠገኑት ስማቸው የለም። ድልድዩ እስከ ዛሬ የደረሰው ግን በእነሱ ነው።

ዓባይ ላይ ድልድይ ማለት ምን እንደነበረ ለመገመት ያለ ድልድይ እንዴት እንደሚሻገሩት ማሰብ ነው። ሐይቁ አካባቢ ታንኳ አለ። ወደ በረሃው ሲወረድ ግን ዋና ነው፣ ወይም በአየር የተነፋ አቁማዳ አቅፎ መንሳፈፍ ነው። አዞ አለ። ይህ ሁሉ በበጋ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎጃም በዓባይ እቅፍ ውስጥ ለብቻው ይቀራል። ጦር እንኳ ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቃል።

ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነስቶ በበጌምድር ወዳለችው ደሪታና ወደ ጎንደር የሚሄደው ቅፍለት ዓባይን የግድ መሻገር ነበረበት። ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ወደ ሰሜን ይሄዳል። አሞሌ ጨው ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከዕቃው ጋር ሰዎችም ነበሩ። ከግቤ ማዶ ተይዘው ለሽያጭ የሚነዱ ልጆች፣ ሴቶች፣ ጎልማሶች። ይህን ዘሎ የዓባይን መሻገሪያ ታሪክ መጻፍ አይቻልም። መሻገሪያ ለነጋዴው በረከት ነበር። ለእነዚያ ልጆች ግን ከአገራቸው የሚለያቸው ሌላ ወንዝ ነበር።

ስለ ተማሪውም ላንሳ፤ ለእኔ በጣም ቅርቡ እሱ ነውና። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሁለቱ ዳርቻዎች ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም ይሻገራል፤ ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ። ድጓ ማስመስከር የፈለገ የጎጃም ልጅ ደግሞ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ቤተልሔም ያለችው እዚያ በጋይንት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ለሚል ዙር አምባ አለ። አቋቋም ለሚል ጎንደር አለ። ስለዚህ አንድ የቆሎ ተማሪ ሙሉ ሊቅ እስኪሆን ዓባይን ደጋግሞ መሻገር አለበት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በበጋ። የአገራችን ትልቁ የትምህርት ሥርዓት በወንዙ ሁለት ዳር ላይ የተሠራ ነው። ይህን ሳስብ ድልድዩ ይበልጥ ይከብደኛል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። አርበኞች ድልድዩን የሰበሩት የጠላት ጦር በላዩ እንዳይመላለስ ነው ይባላል። እኔ በዚህ ነገር የምከራከረው የለኝም። የጎጃም አርበኛ የዓባይን በረሃ እንደ ምሽግ ነው የተጠቀመበት። በላይ ዘለቀ ራሱ ዓባይን እየተሻገረ እስከ ወሎ ድረስ ይዋጋ ነበር። መሻገሪያውን ማን እንደያዘው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ገበሬ አያቶቹ ድንጋዩን ተሸክመው የሠሩትን ድልድይ በገዛ እጁ ሲሰብር ምን እንደሚሰማው አስባለሁ። ቀላል አይመስለኝም።

ጣሊያን ሄደ። ድልድዩ ግን አልተጠገነም።

ለምን? ክፉ ሰው ስለከለከለ አይደለም። መንገድ ትርጉሙ ስለተለወጠ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ማለት መኪና የሚሄድበት ሆነ። ጎጃምን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው መንገድ በጎሐ ጽዮንና በደጀን በኩል ዓባይን ይሻገራል። በሰሜን ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ነው። ገንዘቡም፣ መሐንዲሱም፣ ትኩረቱም ወደዚያ ሄደ። በደጀን በረሃ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ነው። በባሕር ዳር በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ነው። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር። በሁለቱም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በሞጣና በአንዳቤት መካከል ያለው መንገድ የበቅሎ፣ የአህያና የእግር ስለሆነ ብቻ መንገድ መሆኑ አልቀረም። ሰዉ በየሳምንቱ እየተመላለሰበት ነበር።

እንዴት ነበር የሚመላለሰው? በገመድ። ከሁለቱም ዳር ጎረምሶች ይቆማሉ። መሻገር የፈለገው ሰው በገመድ ወገቡን ይታሰራል። በወዲህ ያሉት ቀስ እያሉ ይለቃሉ፣ በወዲያ ያሉት ይስባሉ። መካከል ላይ ሰውዬው በአየር ላይ ነው። ከሥሩ ዓባይ ይሄዳል። እህል እንዲሁ ይሻገራል። ዕቃ እንዲሁ ይሻገራል። ልጅ የታቀፈች ሴት እንዲሁ ትሻገራለች።

አያቴ የአንዳቤት ልጅ ናት፤ ለሞጣ ተዳረች። እናቷ የሞተችው በነሐሴ ነው። መርዶው የደረሳት መስከረም ካለቀ በኋላ ነበር። መልእክተኛው ውሃው እስኪጎድል ጠብቆ ነው የመጣው። ለልቅሶው አልደረሰችም። ለአርባው አልደረሰችም። «ዘመዶቼ እናቷን ያልቀበረች ብለው ያዙብኝ» ትል ነበር። በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ ሲወቀስ ይኖራል። ወንዝ ሞልቶ ነው ቢባልም ያው ነው፤ ቁጭቱ አይወጣም። አንድ ጊዜ በገመዱ መሻገሯን ጠየቅኳት። «ተሻግሬያለሁ ልጄ። ዓይኔን ጨፍኜ ማርያም ማርያም እያልኩ። ሲመልሱኝ ግን አልፈራሁም፤ ያንቺን እናት አርግዤ ስለነበር መፍራት አልቻልኩም» አለችኝ። ይህ አባባሏ ከእኔ አይወጣም።

የድልድዩን ታሪክ ስናወራ ይህንን መቁጠር አለብን የምለው ለዚህ ነው። ያልተደረሰ ልቅሶ። ለወሊድ የተያዘችና ሐኪም ቤቱ ከማዶ የሆነባት ሴት። በገመድ ስላልተሻገረ በግማሽ ዋጋ የተሸጠ በሬ። ያልሄደ ተማሪ። ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም። 60 ዓመት ሙሉ በየዓመቱ የተከፈለ ግብር ነው፤ ከፋዮቹም የሁለት ወረዳ ገበሬዎች ናቸው።

ለውጡ የመጣው በአንድ ፎቶ ነው። በገመድ የሚሻገረው ሰው ምስል እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ባለሙያ አየው። አይቶ አላለፈም። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ መጣ። የጎደለውን መካከል በብረት ገጠሙት። መኪና የማይደርስበት ገደል ስለሆነ ብረቱን እስከ ወንዙ ያወረደው የሰው ትከሻና የአህያ ጀርባ ነው። የአካባቢው ሰው ወጥቶ ሠራ። ከ60 ዓመት በኋላ ሰው በእግሩ ዓባይን ተሻገረ።

ለዚያ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ከልቤ ነው የምለው። ግን ያማል። እኛ በየቀኑ ስናየው የኖርነውን ነገር ለመጠገን ምስሉ ባሕር ማዶ ደርሶ መመለስ ነበረበት። የሞጣ ሰው አቤት ሳይል ቀርቶ አይመስለኝም። አቤቱታው የሚደርስበት ቦታ የበቅሎ መንገድ የሚባል ጉዳይ አልነበረም።

ዓባይ ደግሞ አልታገሰም። እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት ወንዙ ሞልቶ ብረቱን ይዞት ሄደ። ጥንታዊው ድንጋይ ቀረ፤ አዲሱ ብረት ተወሰደ። ብረቱ የተዘረጋው በድሮው ድልድይ ከፍታ ላይ ስለነበር ያልተለመደው ሙላት ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተሠራው ከዚያ ተምሮ ነው። ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ገመዶቹ የብረት ናቸው፤ በሁለቱም ዳር ከዓለቱ ጋር ታስረዋል። ውሃው ውስጥ ምንም ምሰሶ የለውም። ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ሰውም አህያም ያልፍበታል።

እኔ ወርጄ ያየሁት ይኸኛውን ነው። ከደጋው ጤፍ ተነስቼ እስከ ቆላው ማሽላ ድረስ ወረድኩ። ግራሩ ሲበዛ፣ ሙቀቱ ፊት ሲመታ ወንዙ መቅረቡን አወቅኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። በርበሬ የጫኑ አህዮች ከማዶ ይመጣሉ። አንዲት እናት ዶሮ ይዛ ከፊቴ ተሻገረች፤ ወደ ሥር እንኳ አላየችም። እኔ ቆሜ የተሰበረውን አሮጌውን አየሁ። ከተንጠልጣዩ ላይ ሲታይ ውፍረቱ ያስደንቃል። የቅስቱ ጫፍ ላይ ኖራው አሁንም ድንጋዩን ይዞታል።

አሮጌው ድልድይ አሁን ሰው ስለማይሻገርበት የሚያስበው የለም። ይህ ነው ስጋቴ። በእንዲህ ዓይነት ግንብ መጋጠሚያ መካከል ቁጥቋጦ ይበቅላል። ሥሩ እየወፈረ ሲሄድ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ መንቀል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሌላው ጥገናው ነው። እንዲህ ያለ ግንብ በሲሚንቶ መመረግ የለበትም። ሲሚንቶ ይደርቃል፣ እርጥበቱን አያስወጣም፤ ውሃው ከውስጥ ታፍኖ አሮጌውን ኖራ ይበላዋል። በኖራ የተሠራ በኖራ ነው የሚጠገነው። የኖራ ድንጋይ የሚያውቅ፣ ማቃጠልና ማብረድ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። የጎንደርን ግንቦች ሲጠግኑ የኖሩ ግንበኞች አሉ። ሞጣና አንዳቤት ተነጋግረው ከእነሱ አንድ ሁለቱን ቢያስመጡ፣ ለሁለት ለሦስት በጋ የአካባቢውን ወጣቶች ቢያስተምሩ፣ ቀሪዎቹ ቅስቶች ይተርፋሉ። የተንጠልጣዩም ገመድና ወለል በየዓመቱ መታየት አለበት። ይህን ሁሉ ሲሠሩም የሠሩትን ሰዎች ስም ይጻፉ።